ፈረሱን መርጦ ሶፋውን በሸራ ስለሸፈነው ኮሚቴ

ለተከበሩ የጤና ጣቢያችን ተሽከርካሪ መራጭ ኮሚቴ ሰብሳቢ፣
ለኮሚቴው አባላትም እንደየክብራቸው ቅደም ተከተል (ቅደም ተከተሉን ራሳቸው ይስማሙበት፤ እኔ አልገባበትም)፣
ባላችሁበት።

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን ከጉልበቴ ዝቅ ብዬ እያቀረብኩ፣ የክቡርነትዎ ጤና እንደምን እንደሰነበተ ለመጠየቅ እወዳለሁ፤ በተለይ የግራ ጉልበትዎ። ዛሬ ጠዋት ከመኝታ ቤትዎ እስከ ጓሮ ድረስ ያለ ምርኩዝ ሲራመዱ በመስኮት አይቼ እጅግ ተደስቻለሁ። ይህን ማየቴ ሰላይ ስለሆንኩ ሳይሆን፣ ክቡርነትዎ ከሰብሳቢነቱ ሥራ በተረፈዎት ሰዓት በአያትነት ስለሚያገለግሉኝና የምንኖረውም በአንድ ጣሪያ ሥር ስለሆነ ነው።

በአንድ ቤት እየኖርን ደብዳቤ መጻፌ የሚገርማቸው አንባቢዎች እንደሚኖሩ አውቃለሁ፤ ይህ ወረቀት የሚለጠፈው ወተት ማስረከቢያው ግድግዳ ላይ ነውና ጣሳውን ይዞ ወረፋ የሚጠብቅ ሁሉ ማንበቡ አይቀርም። ምክንያቱ ይህ ነው። እራት ላይ ስለ ተሽከርካሪው አንድ ቃል ትንፍሽ ብል፣ ክቡርነትዎ ማንኪያዎን አስቀምጠው፣ ጉሮሮዎን ጠርገው፣ «የኮሚቴ ጉዳይ ገበታ ላይ አይነሣም፤ ቅሬታ ያለው በጽሑፍ ያቅርብ» አሉኝ። እናቴም «አንቺ ልጅ፣ አፍሽን ለምግቡ ብቻ ክፈቺው» ብላ ደገፈችዎ። እነሆ በጽሑፍ አቀረብኩ። ታላቅን መታዘዝ ደግ ነው።

ነገሩን ከሥሩ ለማያውቅ መንገደኛ ባጭሩ ላስረዳ። መንደራችን ከወንዙ ማዶ ዳገት ላይ ነው። ጤና ጣቢያችን አንዲት ነርስ፣ ሁለት አልጋና ብዙ ትዕግሥት አለው። ከዚያ በላይ የሚያስፈልገው ሕመምተኛ ከተማው ሆስፒታል መድረስ አለበት፤ እስከ ድልድዩ ያለው ቁልቁለት ግን ዝናብ ሲነካው እንኳን መኪና በቅሎም ቆም ብላ ታስብበታለች። ስለዚህ መንደሩ አዋጥቶ ጭቃ የማይፈራ ተሽከርካሪ ለጤና ጣቢያው እንዲገዛ ተባለ፤ ሦስት ታላላቆች ያሉበት ኮሚቴም ተሰየመ፦ ክቡርነትዎ፣ የወፍጮ ቤቱ ባለቤትና ጡረተኛው መምህር።

ሻጩ ሁለት ዓይነት ይዞ መጣ። አንደኛው ኤቲቪ የሚሉት ነው፤ እንደ ፈረስ እግር ከፍተው የሚቀመጡበት፣ እንደ ሞተር ሳይክል በእጀታ የሚነዳ፣ ግን ባለ አራት ጎማ ነው። መንደሩ ወዲያው «ፈረሱ» አለው። ሁለተኛው ሳይድ ባይ ሳይድ የሚሉት ሲሆን እንደ መኪና መሪና ቀበቶ አለው፤ ከፊት ሁለት ወንበር ጎን ለጎን፣ ከራስ በላይ ጣሪያ፣ ከኋላ ደግሞ ሰው አጋድሞ የሚይዝ የጭነት ሳጥን አለው። ይህንን «ሶፋው» አልነው። ሻጩ ሁለቱንም ለሙከራ ትቶልን ሲሄድ የተናገረው አጭር ነበር፦ «ለሥራ ያዋላችሁት የእናንተ ነው፤ ያላዋላችሁትን በገበያ ቀን መጥቼ እወስዳለሁ።»

ለዚህ ሁሉ መቸኮላችን ደግሞ ምክንያት አለን። ታላቅ እህቴ፣ የክቡርነትዎ የመጀመሪያ የልጅ ልጅ፣ የመውለጃ ቀኗ ገብቷል። ነርሷ ሆዷን ዳስሳ ሕፃኑ በእግሩ እንደመጣ ነግራናለች፤ ምጡ እንደጀመራት ሆስፒታል ካልደረሰች ለእሷም ለልጁም አስጊ ነው ብላለች። ቀደም ብላ በእግሯ እንዳትወርድ ቁልቁለቱ ያዳልጣል፤ ቁጭ ብላ እንዳትጠብቅ ቀኑ አይጠብቅም። እንግዲህ ቅሬታዎቼን በትሕትና ልዘርዝር።

አንደኛ። በሙከራው ቀን ስላሳያችሁን የጨዋነት ትርኢት ኮሚቴውን በጠቅላላ አመሰግናለሁ። ሻጩ የሶፋውን መሪ ይዞ፣ የጎኑን በር ከፍቶ፣ «አባቶች፣ አንዳችሁ ከጎኔ ግቡና አንድ ዙር እንዙር» አለ። በእኛ አገር ሰው ወንበር ይዞ አይቀመጥም፤ ይለመናል፣ እምቢ ይላል፣ እንደገና ይለመናል፣ እንደገና እምቢ ይላል፣ በስንት መከራ ይቀመጣል። ክቡርነትዎ ወደ ወፍጮ ቤቱ ባለቤት ዞረው «እርስዎ ይቅደሙ» አሉ። እሳቸውም «ኧረ በጭራሽ! ሰብሳቢው ቆመው?» አሉ። ጡረተኛው መምህር «ሁለታችሁም ተማሪዎቼ ብትሆኑ ኖሮ ይሄኔ አስቀምጫችሁ ነበር» ብለው ጣልቃ ገቡ። ክቡርነትዎ «በሞቴ ይግቡ» ብለው ሲደግሙ ግን የማይሆነው ሆነ፤ የወፍጮ ቤቱ ባለቤት «እንግዲህ ካሉ» ብለው ገብተው ቁጭ አሉ።

የክቡርነትዎ ፊት በዚያች ቅጽበት የመሰለውን ለመግለጽ ቃል ያጥረኛል፤ ልፋጭ የገመጠ ሰው ይመስል ነበር ብል እናቴ ስለምትቆጣ አልልም። ሰውየው ጥፋታቸው ገብቷቸው እንደ እሳት የነካው ሰው ዘለው ወረዱ። ከዚያ ወዲያ ማንም እዚያ ወንበር ላይ እንዳይቀመጥ ሁሉም ማለ። ሻጩ በሩን እንደከፈተ ክንዱ ዛለ። ሶፋውም ከቆመበት ሳይንቀሳቀስ ፈተናውን ወደቀ። እኔ በምማርበት ትምህርት ቤት እንኳ ወረቀት ሳይሰጡት የሚወድቅ ተማሪ የለም።

ሁለተኛ። ክቡርነትዎ ከዚያ ቅያሜ በቀጥታ ወደ ፈረሱ ሄደው ራስዎ በመሞከርዎ መንደሩ ለልጅ ልጅ የሚያወራው ነገር አግኝቷል፤ ምስጋናዬ ከልብ ነው። ሻጩ «አባት፣ ነዳጅ የሚሰጠው በአውራ ጣት ነው፤ ቀስ አድርገው ይጫኑት» ቢልዎ «አንተ ሳትወለድ ስንት በቅሎ ገርቻለሁ!» አሉት። እውነት ነው፤ ገርተዋል። በቅሎ ግን «ቁም» ሲሏት ትቆማለች። ክቡርነትዎ የኳስ ሜዳውን በሚያስቀና ፍጥነት እየዞሩ፣ ኮፍያዎን ለነፋስ ለግሰው፣ «ቁም! ቁም እልሃለሁ! አንተ ባለጌ!» እያሉ በቃል ትእዛዝ ሊያቆሙት ሲጥሩ፣ ማሽኑ ታላቅና ታናሽ የማያውቅ፣ አሳዳጊ የበደለው መሆኑን ሁላችንም ታዘብን። ያቆመዎት የወፍጮ ቤቱ ባለቤት የጭድ ክምር ነው፤ ስለዚህ ከተቀየሙት ሰው ደጃፍ በገዛ ፈቃድዎ የሄዱ ብቸኛው ሽማግሌ እርስዎ ሳይሆኑ አይቀሩም። ጭዱ ከጢምዎ ሳይራገፍ የሰጡት መግለጫም አይረሳኝም፦ «ፍሬኑን እየፈተሽኩ ነበር።»

ጉልበትዎ ስለዞረ ወደ ቤት የመለስንዎት በምን እንደነበር ግን በየትኛውም ስብሰባ ሲነሣ አልሰማሁም። ሻጩ ፈረሱን ከጭድ ሲጎትት፣ ነርሷ የሶፋውን መሪ ያዘች፤ ክቡርነትዎ የጭነት ሳጥኑ ውስጥ እንደ ልዑል ተጋደሙ፤ ከፊት ወንበር ላይ ኮፍያዎን አቅፌ የተቀመጥኩት እኔ ነኝ። መንገድ ላይ «ይሄ ነገር ለካ አይቆረቁርም» ማለትዎን ነርሷም ሰምታለች፤ ብንጠየቅ ሁለታችንም እንመሰክራለን። እንግዲህ ሶፋውን በሚገባ የሞከረው የኮሚቴ አባል አንድ ብቻ ነው፤ እሱም በማግስቱ ድምፁን ለፈረሱ ሰጠ።

ሦስተኛ። ስለ ውሳኔው። ጡረተኛው መምህር መነጽራቸውን አፍንጫቸው ጫፍ ላይ አድርገው ያነበቡትን፣ በመስኮት በኩል ቆሜ ስለሰማሁ፣ በቃሌ ይዤዋለሁ፦ «ጎን ለጎን የሚያስቀምጠው ተሽከርካሪ በታላላቆች መካከል ቅያሜ የሚፈጥር ሆኖ በመገኘቱ፣ ፈረሱ ግን አንድ ሰው ብቻ የሚይዝ በመሆኑና የማንንም ክብር የማይነካ በመሆኑ፣ ፈረሱ እንዲገዛ በሙሉ ድምፅ ተወስኗል።» ነርሷ እጇን አውጥታ «ሕመምተኛውስ የት ይቀመጣል?» አለች። ይህ ጥያቄ ለጤና ጣቢያ ተሽከርካሪ በሚመርጥ ኮሚቴ ፊት ያለ ቦታው እንደተነሣ ከሁሉም ገጽታ ይነበብ ነበር። በመጨረሻ የወፍጮ ቤቱ ባለቤት «ከኋላ ትፈናጠጥና ሹፌሩን ጥብቅ አድርጋ ትያዘው» አሉ። «ምጥ ላይ ያለች ሴት?» አለች ነርሷ። እሳቸውም «ሲስተር፣ እናቶቻችን በእግራቸው ሄደው ነው የወለዱን!» ብለው ዘጉት።

ለዚህ አባባል ትክክለኛውን መልስ መስጠት የሚችሉት በእግራቸው ሄደው ያልተመለሱት ናቸው። እነሱ ግን ስብሰባ አይመጡም።

ከዚያም ሶፋው በስህተት ለሥራ እንዳይውል በሸራ ተሸፈነ። የፈረሱን ቁልፍ ክቡርነትዎ አንገትዎ ላይ አንጠለጠሉ። የሶፋውን ቁልፍ ማን ይያዝ ሲባል እንደገና «እርስዎ ይያዙት»፣ «ኧረ እርስዎ እያሉ» ተጀመረና፣ ሰው ሳይጠፋ ሚስማር ተሾመበት፤ ጤና ጣቢያው በር አጠገብ ተሰቅሏል። ከኮሚቴው አባላት ሁሉ ሳይከራከር ኃላፊነቱን የተቀበለው ያ ሚስማር ስለሆነ ላመሰግነው እወዳለሁ።

አራተኛው ቅሬታዬ ከሁሉ ያሳዘነኝ ነው። ለፈረሱ የሚቆም ደህና ምክንያት እያለ አንዱንም አላነሣችሁትም! ፈረሱ ቀጭን ነው፤ በሁለት አጥር መካከል ያልፋል። ቀላል ነው፤ ጭቃ ቢይዘው ሁለት ጎረምሳ አንሥቶ ያወጣዋል። ዋጋውም ይቀንሳል፣ ነዳጅም ብዙ አይጠጣም። የጠፋች ጊደር ለሚፈልግ፣ ወይም ክትባት በሳጥን አስሮ ብቻውን ሽቅብ ለሚወጣ ሰው ከሶፋው ይሻላል። ይህን ብላችሁ ቢሆን ኖሮ እኔም ቁጭ ብዬ ባሰብኩበት ነበር። ሶፋው ድልድዩን አያልፍም የሚል ሥጋት ያለው ቢኖርም፣ ከነርሷ ጋር በከብት ገመድ ለክተነዋል፤ በየጎኑ ስንዝር ይተርፈዋል። እናንተ ግን ስለ ስፋቱ የጠየቃችሁት የወንበሩን ብቻ ነው።

አምስተኛ። ይህኛው የቆየ ጉዳይ ስለሆነ ይቅርታ እየጠየቅኩ አነሣዋለሁ። መንደሩ እኔን «ድልድይ» ብሎ የሚጠራኝ ለምን እንደሆነ ከክቡርነትዎ በላይ የሚያውቅ የለም። እናቴ እኔን ምጥ ይዟት በቃሬዛ ስትወርድ፣ ያኔ ድልድዩ ሁለት ግንድ ነበርና ከፊት የያዙት ሁለት ሰዎች እኩል ሊያልፉ አልቻሉም፤ አንዱ መቅደም ነበረበት። ከፊት የያዙት ክቡርነትዎና የወፍጮ ቤቱ ባለቤት ነበራችሁ። «እርስዎ ይቅደሙ።» «ኧረ በጭራሽ!» «በሞቴ!» «እርስዎ እያሉማ አልረግጠውም!» እናቴ ይህን ስታወራ እስከዛሬ ሰው በሳቅ ይፈርሳል፤ ክቡርነትዎም ይስቃሉ። እናንተ ይቅደሙ ስትባባሉ እኔ ቀደምኩ።

ያኔ እኔ በጭንቅላቴ መጥቼ ነው የተሳቀው። የእህቴ ልጅ የሚመጣው በእግሩ ነው። ምጥ ይሉኝታ አያውቅም፤ ሦስት ጊዜ እስኪለመን አይቆምም።

ስለሆነም ከዚህ የሚከተለውን በታላቅ ትሕትና እለምናለሁ። ሸራው ከሶፋው ላይ ከገበያ ቀን በፊት ይነሣ። የፊት ወንበሩ የታላላቆችን ፍቅር የሚያናጋ ሆኖ ከቀጠለ ይነቀልና ክቡርነትዎ ሳሎን ይቀመጥ፤ ነርሷ ያለ ረዳት ትነዳለች። ፈረሱን መለየት ካስጨነቃችሁ ደግሞ ሦስታችሁም በየተራ የኳስ ሜዳውን እንድትዞሩበት ከሻጩ ጋር ተነጋግሬ አስፈቅዳለሁ፤ ጭድ የሚያዋጣ ሰውም አላጣም።

ውድ ጊዜዎን ሰጥተው፣ የተጎዳ ጉልበትዎን ዘርግተው፣ መነጽርዎን ከእኔ ተቀብለው ይህን ስላነበቡልኝ ምስጋናዬ ወሰን የለውም። ኮሚቴው ሶፋውን ሳያነቃንቅ እንዲህ ከደከመ፣ ቢያነቃንቀው ኖሮ ምን ይሆን ነበር እያልኩ ረጅም ዕድሜና የተስተካከለ ፍሬን እመኛለሁ።

ለመታዘዝ ዘወትር ዝግጁ የሆነች፣ አልፎ አልፎ ግን ጆሮዋ የሚያስቸግራት፣
የልጅ ልጅዎ ድልድይ
አድራሻ፦ ከክቡርነትዎ መኝታ ቤት ቀጥሎ ያለው ክፍል፤ ግድግዳውን ቢያንኳኩ እሰማለሁ።

ድኅረ ጽሑፍ፦ ይህን ደብዳቤ ልለጥፍ ሙጫ ስፈልግ እህቴ ምጥ ስለጀመራት፣ ወረቀቱ ኪሴ ውስጥ ታጥፎ ሰንብቶ አሁን ከሆስፒታሉ ግቢ እጨርሰዋለሁ። የሶፋውን ቁልፍ ከሚስማሩ ላይ ፈልጋችሁ ያጣችሁት እኔ ስላወረድኩት ነው፤ ሚስማሩ ምንም አላለኝም። ሸራችሁ እጅግ ጠቅሞናል፤ ዝናቡ ሲወርድ እናቴና እህቴ ሳጥኑ ውስጥ ባነጠፍነው ፍራሽ ላይ ሆነው ከሥሩ ተጠልለውበታል። ነርሷ ነዳች፣ እኔ ከፊት ተቀመጥኩ፣ ድልድዩን ሳንቆም አለፍን። ክቡርነትዎ ደጃፉ ላይ ወጥተው «ማን ፈቀደ?» ሊሉ አፍዎን ከከፈቱ በኋላ እህቴ ስትጮህ ሰምተው «ምን ትገተራላችሁ? ሂዱ እንጂ!» ያሉትን የኮሚቴው የመጨረሻ ውሳኔ አድርገን ቆጥረነዋል፤ ጡረተኛው መምህርም ይመዝግቡልን። ሐኪሞቹ ልጅቷን በእግሯ ተቀብለዋታል፤ ደህና ናት፣ ጩኸቷ ግን የሰብሳቢ ነው። ከተማ የሚኖረው ሻጭ ሆስፒታሉ በር ላይ አግኝቶን ጭቃውንና ፍራሹን አየና «ይሄማ ለሥራ ውሏል፤ የእናንተ ነው» አለን። ፈረሱን ሊወስድ ይመጣል፤ ቁልፉን ካንገትዎ አውልቀው ይጠብቁት።

አሁን ልንመለስ ነው። የፊት ወንበሩ ላይ ማን ይቀመጥ የሚለውን ኮሚቴው ሳያስብበት እንዳይቀር ላሳውቅ። እናቴ እህቴን አንድ ጊዜ «ግቢ» አለቻት። ሕፃኗን ታቅፋ ገባች።